ራሰ በራውን በአንድ ቀን

ስሙኝማ፤ እኔ መሄድ አያቅተኝም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ሰው ሁሉ ቀኝ እግሬን ያይና «አይዞሽ፣ ቀስ በይ» ይለኛል፤ ያኔ ቆሽቴ እርር ይላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወርክሾፓችን ደረጃ ተንከባልዬ ወድቄ ጉልበቴ ደቀቀ፤ ሐኪሞቹም በብረት ገጥመው ቀጥ አድርገው አስቀሩት። ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። ባይታጠፍስ ለመሄድ ምን ያደርጋል? ምርኩዝ ታጥፎ ያውቃል? ሰው ግን ምርኩዝ ይዞ ስንት አገር ያቋርጣል።

የሚያቅተኝ ከመሬት መነሳት ነው። ከወንበር እነሳለሁ፣ ከአልጋ እነሳለሁ። መሬት ላይ ከተቀመጥኩ ግን፣ የምይዘው ነገር ካላገኘሁ፣ እንደተገለበጠ ጥንዚዛ ስፍጨረጨር ብውል አልነሳም። ጉዴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

ሥራዬ ሸራ መስፋት ነው። የጭነት መኪና ሸራ፣ ክሬን ዕቃ የሚያነሳበት ወፍራም ቀበቶ፣ የሱቅ ጥላ፣ ያልሰፋሁት የለም። ወርክሾፓችን ከትልቁ መንገድ ዳር ነው፤ የስፌት መኪናዬም መስኮቱ ሥር ነው። በዚያ መስኮት ጭነት መኪኖቹ የኔን ሸራ ለብሰው ወደ ባሕሩ ሲወርዱ አያለሁ። ሲመለሱ ሸራው ጨው ጨው ይሸታል፤ የተቀደደውን እሰፋና መልሼ እሰዳቸዋለሁ። እኔ የሰፋሁት ሸራ ሁሉ ባሕር አይቷል። እኔ ግን ባሕርን የማውቀው ከግድግዳ ካላንደር ነው። ሸራዬ እንኳ ሄዶ ያየውን ነገር ሳላየው ልሞት ነው እያልኩ እበግን ነበር።

ወንድሜ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሠፈሩን ሰው ሰብስቦ የእግር ጉዞ ቡድን አቋቁሟል። ዕድሜውን በሙሉ እሳት አደጋ የሠራ ሰው ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ልብሱንም ቆቡንም አስረከበ፣ ፊሽካውን ግን እንቢ አለ። ቡድኑ «አለቃ» ይለዋል። እኔ ታናሹ ስለሆንኩ «ጋሼ» ነው የምለው፤ ሲያናድደኝም «ጋሼ» ነው የምለው፣ የሚለየው ድምፄ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ጋሼ አንድ ነገር አወጀ። ከግድቡ ተነስተን፣ ጫካውን ይዘን፣ ተራራውን ተሻግረን እስከ ባሕሩ በእግራችን እንሄዳለን አለ። ከሳምንት በላይ የሚፈጅ መንገድ ነው፤ ሲመሽ የሚታደረውም ሜዳ ላይ ነው።

ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለች። መኪና ተሳፍሬ መሄድ እችል ነበር እኮ፣ ማንም አልከለከለኝም። ግን ጉልበቴ ከተሰበረ ወዲህ ሰው ሁሉ እየደገፈ፣ እያነሳ፣ እያስቀመጠ እንደ ዕንቁላል ነው የያዘኝ። አንድ ነገር በገዛ እግሬ ሄጄ ማየት ፈለግሁ። ያ ነገር ባሕሩ ሆነ።

ጋሼ ደግሞ ያለ ሙከራ አንዲት እርምጃ አይሄድም። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሁላችንም በድንኳን እንድናድር አዘዘ። ደንቡ ቀላል ነው። ሲነጋ ፊሽካ ይነፋል፤ ሁሉም በራሱ ወጥቶ፣ ድንኳኑን ጠቅልሎ፣ ጓዙን አዝሎ ይቆማል። «በራሱ!» አለ፣ ጣቱን ቀስሮ። ተራራ ላይ ማንም የማንም ሸክም አይሆንም።

ድንኳንን ማን እንደፈለሰፈው አላውቅም፤ ጉልበቱ የሚታጠፍ ሰው እንደነበር ግን እምላለሁ። መግባቱንስ ገባሁ፤ ለእኔ መግባት ማለት መውደቅ ስለሆነ አላስቸገረኝም። ጠዋት ፊሽካው ሲጮህ በሆዴ ተገልብጬ ወደ በሩ መሳብ ጀመርኩ። ጭንቅላቴ ወጣ፣ ትከሻዬ ወጣ፣ የቀረው ቀረ። የምይዘው ነገር ስፈልግ የድንኳኑን ዘንግ ጨበጥኩ፤ ዘንጉ ቀጭ አለና ድንኳኑ እንዳለ ላዬ ላይ ተኛ። ውጪ ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። የሠፈራችን ፀጉር አስተካካይ «ኧረ ጎበዝ፣ ድንኳኑ እየሄደ ነው!» ብሎ ሲጮህ እኔም ሳቄ መጣ። ከዚያ የጋሼን ጫማ አየሁና ሳቄን ተውኩት። ጎንበስ ብሎ ሸራውን ገለጠ፤ ሰው ከእሳት ሲያወጣ በሚናገርበት በዚያ ለስላሳ ድምፁ «እጅሽን ስጪኝ» አለኝ።

ይችን ቃል እጠላታለሁ። ከወደቅሁ ጀምሮ በየቀኑ እሰማታለሁ፤ ደረጃ ሲሆን «እጅሽን ስጪኝ»፣ ታክሲ ሲሆን «እጅሽን ስጪኝ»። የሚሏት ሁሉ ደጎች ናቸው፤ ይበልጥ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ሰጠሁት፤ ምን ምርጫ አለኝ? እሱ በአንድ ክንዴ፣ ፀጉር አስተካካዩ በሌላው አድርገው ጭቃ እንደያዘው በሬ ጎትተው አቆሙኝ።

«አንቺ ስንቅ ከሚጭነው የጓዝ መኪና ጋር ትሄጃለሽ» አለኝ ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን ጠብቆ።

«እንደ ጓዝ?»

«እንደ እህቴ።»

«እህትህ እግር አላት።»

«አላት፤ ማን የላትም አለ? ግን ድንኳን ውስጥ እንዳለሽ ጎርፍ ቢመጣ፣ እሳት ቢነሳ፣ ማን ያነሳሻል? እኔ ስንት የሚነድ ቤት ውስጥ ገብቻለሁ። መነሳት ያልቻለ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። አንቺን እንደዚያ አላይም።»

እንዲህ ላለ ሰው ምን ይመለስለታል? ክፋት ቢሆን መልስ አላጣም ነበር፤ አፌን ታውቁት የለ። ፍቅር ነው። ለፍቅር መልስ የለም፤ ሰውን ያሳብዳል እንጂ። ቤቴ ገባሁና በሬን ዘግቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለው እውነት ነው።

በማግስቱ አንድ ደንበኛዬ፣ የተሳቢ ሹፌር፣ የተቀደደ ሸራ ይዞልኝ መጣ። ሸራው እስኪሰፋ ሁልጊዜ ይተኛል፤ የት እንደሚተኛ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ክር ላመጣ ወደ ግቢ ስወጣ አየሁት። በተሳቢውና በግቢያችን ዛፍ መካከል አንድ ጨርቅ አንጠልጥሎ፣ እዚያ ውስጥ ተንጋሎ ያንኮራፋል። «ሸራህ ሊያልቅ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ነቃ፣ እግሮቹን ወደ ውጪ አወረደ፣ እንደ ወንበር ተቀመጠ፣ ተነሳ። አለቀ። ከእግሩ በቀር መሬት የነካው ነገር የለም።

«እስቲ ድገመው» አልኩት።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«አነሳስህን።»

አበደች ሳይል አልቀረም፤ ግን ጨዋ ሰው ስለሆነ ተመልሶ ተኛ፣ ተመልሶ ተነሳ።

«አሁን ደግሞ ቀኝ እግርህን እንዳታጥፈው። ቀጥ አድርገህ ተነሳ።»

ቀጥ አድርጎ ተነሳ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሱቅ ውስጥ ሃሞክ ይባላል፣ እኛ ሹፌሮች ግን ዥዋዥዌ ነው የምንለው፣ በረሃ ላይ ጊንጥ አይደርስብንም እያለ ብዙ ነገር ነገረኝ። ጆሮዬ እዚያ አልነበረም። «ዛፍ ካለ መሬት አያስፈልግም ማለት ነው?» አልኩት። «መሬት ምን ያደርግልሻል፣ እትዬ?» አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ የራሴን ሃሞክ ሰፋሁ። ስስ ግን ጠንካራ ናይለን መረጥኩ፣ ጫፉን ደራርቤ ሰፋሁት፣ ዛፍ የሚያቅፍ ሰፊ ቀበቶ ሠራሁለት። አሁን የሚያሳፍረውን ልንገራችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የክሬን ቀበቶ የሚወስደውን ደንበኛ ሁሉ «አደራ፣ ቀበቶውን አትወጥሩት፤ ላላ ብሎ ካልተንጠለጠለ ወይ ይበጠሳል ወይ ጭነቱን ይገለብጣል» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያቺው ሴት የራሷን ሃሞክ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ጥርቅም አድርጋ ወጠረችው። ገና ተቀመጥኩ ከማለቴ ገለበጠኝና ግቢው መሃል ዘረጋኝ። ሌላ ሸራ ይዞ የመጣው ያ ሹፌር ሮጦ መጥቶ አነሳኝ፤ ሳቁን ግን ከሩቅ ነው የሰማሁት።

«እትዬ፣ ይሄ ለሰው ነው ወይስ ለአንሶላ?»

ስለ ጭነት ሲሆን ዐዋቂ ነኝ፤ ጭነቱ እኔው ስሆን ግን ሁሉም ጠፋብኝ! አላላሁት። መሃሉ እንደ ሙዝ ጎበጥ አለ። ቀጥ ብዬ ሳይሆን ሰያፍ ሆኜ ስተኛ ጀርባዬ ተዘረጋ፣ እግሬም ቀጥ እንዳለ አረፈ። ከሥር ብርድ እንዳይገባኝ ብርድ ልብስ ሰፋሁበት፤ ከላይ ለዝናብ የሚወጠር ስስ ሸራ ጨመርኩ። ከዚያ ተነሳሁ። ማንም እጁን ሳይሰጠኝ! ተኛሁ፤ ተነሳሁ። ተኛሁ፤ ተነሳሁ። ሹፌሩ ሸራውን ጭኖ ሄዶ ሲመለስ እኔ እየተነሳሁ ነበር ብላችሁ አትመኑኝ፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ጋሼ ሁለተኛ ሙከራ ሲጠራ እኔም ሃሞኬን በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ባሉት ዛፎች ላይ ሰቀልኩ። ጠዋት ጋሼ ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ እኔ ጓዜን አዝዬ ከጀርባው ቆሜያለሁ። «ለማን ነው የምትነፋው?» አልኩት። ፊሽካውን ሊውጠው ምንም አልቀረው።

ጋሼን የምወድበት ነገር አንድ ነው፤ አይዋሽም። ሃሞኩን ዞሮ አየው፣ ቀበቶውን ጎተተው፣ አስነስቶም አስተኝቶም ፈተነኝ። «ከድንኳኑ ይሻልሻል» አለ። ደስ ሲለኝ አየና ፊቱ ጠቆረ። «ራሰ በራውስ?»

ራሰ በራው የምንለው ጫካው ካለቀ በኋላ ያለውን ረጅም የተራራ ጀርባ ነው። ድንጋይና አጭር ሣር እንጂ አንዲት ዛፍ የለበትም፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። መንገደኛ ሁሉ በሁለት ቀን ነው የሚያልፈው፤ መሃል ላይ ምንጭ ያለበት ሜዳ አለ፣ እዚያ ድንኳን ተክሎ ያድራል።

«ዛፍ ከየት ታመጫለሽ?» አለኝ። «በኪስሽ ትይዢልኛለሽ?»

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ እስከ ራሰ በራው ሥር በእግሬ እሄዳለሁ፤ እዚያ ስንደርስ የጓዝ መኪናው ተራራውን በአስፋልቱ ዞሮ ወደ ወዲያኛው በኩል ሲሄድ አብሬ እሳፈራለሁ። ከምንም ይሻላል ብዬ ተቀበልኩ። መኪና የሚለው ነገር ግን አልተዋጠልኝም።

ሄድን። የጓዙን ፒክአፕ የሚነዳው ያው የተሳቢው ሹፌር ነው፤ ዕረፍት ላይ ስለነበር እኔው ነኝ ያስቀጠርኩት። ጫካው ውስጥ ያሉት ቀናት ገነት ነበሩ። ሌላው ሰው ሲመሽ ደልዳላ መሬት ፍለጋ ይራኮታል፣ ከድንኳኑ ሥር ድንጋይ ይለቅማል፤ እኔ ሁለት ዛፍ እመርጥና አበቃሁ። ቁልቁለት ይሁን፣ ጭቃ ይሁን፣ ምን አገባኝ!

አንድ ቀን የወንድሜ ሚስት ጫማዋን አውልቃ ሣር ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ዛፍ ተደግፌ ውሃ እጠጣለሁ።

«አንቺ፣ አትቀመጪም እንዴ?» አለችኝ።

«ማን ያነሳኛል?»

«አይ፣ ማለቴ... ከተነሳን ጀምሮ ስትቀመጪ አላየሁሽም።»

እውነቷን ነው። እኔም ልብ አላልኩትም ነበር። ከመነሳት ጋር ከተጣላሁ ወዲህ መሬት ላይ መቀመጥን እርግፍ አድርጌ ትቼዋለሁ። እነሱ ፈጣኖች ናቸው፤ ጠዋት ጥለውኝ ይሄዳሉ። ግን ትንሽ ሄደው ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፣ እግራቸውን ያሻሉ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው «ቆይ አንዴ» ይላል። እኔ ዛፍ ደገፍ ብዬ ሁለት ጉንጭ ውሃ ጠጥቼ አልፋቸዋለሁ። ሲመሽ ሁልጊዜ እኩል ነው የምንደርሰው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እንደ ዕንቁላል ሲይዙኝ ለኖሩት መልሱ ይኸው ነው አልኩ። ስለ ራሰ በራውም እንደገና ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ራሰ በራው ሥር በደረስን ምሽት፣ ሁሉም እራቱን ሲበላ፣ ተናገርኩት።

«ነገ መኪና አልሳፈርም። ራሰ በራውን በአንድ ቀን አልፈዋለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ትን አለው። ጋሼ ሳህኑን አስቀመጠ።

«የሁለት ቀን መንገድ ነው።»

«ለሚቀመጥ ሰው ሁለት ቀን ነው።»

«ከመሸብሽስ?»

ከመሸብኝ ምን እንደሚሆን ማንም አልጠፋውም። እዚያ ላይ የምሰቅልበት ዛፍ የለም፤ ደክሞኝ ብወድቅ ነፋስ በሚያፏጭበት መሬት ላይ እቀራለሁ፣ በራሴም አልነሳም። ጋሼ የፈራው ነገር በሙሉ እዚያ ተራራ ላይ ነው ያለው።

«እኔ በወዲያኛው በኩል ከመጀመሪያው ዛፍ በታች፣ መንገዱ ዳር እጠብቃታለሁ» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ። «ፀሐይ ገብታ ካልመጣች ባትሪዬን ይዤ ወደ ላይ እወጣለሁ።»

«ተዋት፣ አንተ» አለችው የወንድሜ ሚስት ባሏን። «ሴትዮዋ ስትሄድ አላየሃትም?»

ጋሼ ተነስቶ ወደ ድንኳኑ ገባ። ፊሽካው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያን ምሽት የመኝታውን እንኳ አልነፋም።

ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። እነሱ ጤዛ የጠጣ ድንኳን ሲያራግፉ እኔ ሃሞኬን ቦርሳዬ ውስጥ ጠቅጥቄ ሽቅብ ጀመርኩ። ዛፎቹ እያጠሩ፣ እየሳሱ ሄዱና አለቁ። ከዚያ ወዲያ ሰማይና ድንጋይ ብቻ ነው። ነፋሱ ደግሞ! ሻሼን ሊወስድብኝ ሲታገለኝ በጥርሴ ነው የያዝኩት። ረፋዱ ላይ ቡድኑ ደርሶብኝ አለፈ። ፀጉር አስተካካዩ «እትዬ፣ ጎማሽ እንዴት ነው?» አለኝ። «ያንተን ጠብቅ!» አልኩት። ትንሽ ቆይቼ ድንጋይ ተከልለው ሲበሉ አገኘኋቸውና አለፍኳቸው፤ ደግሞ አለፉኝ። እንዲህ ስንቀዳደም ሄድን።

ምንጩ ጋ ስደርስ ፀሐይ ከአናት ትንሽ ዘንበል ብላለች። ቀድመውኝ ደርሰው ድንኳን መትከል ጀምረዋል። እኔ በቁሜ ውሃ ሞላሁ፣ በቁሜ ዳቦዬን በላሁ። ጋሼ መጣ። ፊቱ ላይ አለቃነት የለም።

«እለምንሻለሁ፣ እዚህ እደሪ» አለኝ። «እኔው ራሴ አነሳሻለሁ። ማንም አይስቅም።»

«ጋሼ...»

«ያን ቀን ከደረጃው ሥር ሳነሳሽ እንዴት እንደነበርሽ አታውቂም። አንቺ ራስሽን ስተሽ ነበር። እኔ ነኝ የማውቀው። ስንት ሰው ተሸክሜ ወጥቻለሁ፣ መውጫው ጠፍቶኝ አያውቅም። ያን ቀን የወርክሾፑ በር ጠፋኝ።»

ይህን ነግሮኝ አያውቅም። እንባዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም።

«ተሸክመኸኛል» አልኩት። «ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ግን ጋሼ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ገና አላወረድከኝም። አሁን አውርደኝ።»

ጋሼ ጎንበስ ብሎ የቦርሳዬን ቀበቶ አጠበቀልኝ። «ቁልቁለቱ ላይ ጠጠር አለ» አለ። «በጎን ውረጂ።»

ብቻዬን ሄድኩ። መጀመሪያ ደስታው ነበር የሚያስኬደኝ፤ ደስታው ሲያልቅ እልሁ፤ እልሁም ሲደክም የቀረው እግሬ ብቻ ነበር። ደህነኛው እግሬ ተቃጠለ። ብረት ያለበትስ ከወገቤ ጀምሮ ይጠዘጥዘኛል። አንድ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘሁ፤ ፀሐይ አሙቃዋለች፣ ተቀመጪብኝ ተቀመጪብኝ የሚል ድንጋይ ነው። ግን ዝቅ ያለ ነው። አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ትንሽ ብቻ፣ አልኩ፤ ማን ያየኛል? የቦርሳዬንም ቀበቶ አላላሁ። ከዚያ ከዚህ ድንጋይ ላይ ነው የሚያነሱኝ ብዬ አሰብኩ፤ ባትሪ ይዘው፣ እየተጣሩ፣ «እጅሽን ስጪኝ» እያሉ። ደሜ ፈላ! «ተቀመጥ አንተው!» ብዬ ድንጋዩን ሰድቤው ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ ጮክ ብዬ ነው የሰደብኩት።

ቁልቁለቱ ላይ ወንድሜ እንዳለኝ በጎን ወረድኩ፤ አንዳንዱን ቦታ ፊቴን ወደ ተራራው አዙሬ ወደ ኋላ ወረድኩ። ጥላዬ እየረዘመ ሄደ። ብርዱ መጣ። ፀሐይዋን እያየሁ «ቆይልኝ፣ እናቴ፣ ቆይልኝ» እላታለሁ። መንገዱ እንደ ግንብ ወደ ቆመ ቋጥኝ ጀርባ ታጠፈ፤ እኔም ታጠፍኩ፤ እዚያ አንዲት ቁጥቋጦ አየሁ። ከእሷ ወዲያ ሌላ። ከእሷ ወዲያ ዛፍ! ጠማማ፣ ነፋስ ያጎበጣት ዛፍ ናት፤ ሮጬ ላቅፋት ፈለግሁ፣ ግን ሩጫ የለኝም፤ ሄጄ አቀፍኳት። ግንዷ ላይ ጉንጬን አስደግፌ ሳለሁ ነው ቀና ብዬ ያየሁት።

ባሕሩ።

እኔ ሰማይ መስሎኝ ነበር። ከሥር በኩል የምድር ጫፍ ያልኩት ነገር ሁሉ ውሃ ነው፤ ፀሐይዋ ውስጡ ልትገባ ቀይ መንገድ ዘርግታበታለች። ካላንደሩ ውሸታም ነው! ካላንደር ላይ ባሕር ጫፍ አለው። ይሄ ጫፍ የለውም። «መጣሁ!» ብዬ ጮህኩ፣ እንደ እብድ፣ ደጋግሜ። «በእግሬ መጣሁ!» ከታች ከመንገዱ ዳር የመኪና ጥሩምባ ጮኸ፤ ሹፌሩ ሰምቶኛል። ያ ሰው ጥሩምባውን ይዞ አለቀቀውም። እኔ እጮሃለሁ፣ መኪናው ይጮሃል፣ ለቅሶ ይሁን ሳቅ አላውቀውም ከአፌ የሚወጣው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በዛፏና ከጎኗ ባለችው ሌላ ዛፍ መሃል ሃሞኬን ሰቀልኩ፣ ሳልወጥር፣ ላላ አድርጌ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ቡድኑ ወረደ። ነፋሱ ድንኳናቸውን ሲያራግፍ አድሮ የሁሉም ዓይን ቀልቷል። ባሕሩን ሲያዩ ጩኸታቸው አገሩን ሞላው፤ የወንድሜ ሚስት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳኝ። ጋሼ መጨረሻ መጣ። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፤ ባሕሩን ከዚያ በኋላ ነው ያየው።

«መቼ ደረስሽ?»

«ፀሐይ ሳትገባ።»

«እኔ ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ።»

«እኔ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ» አልኩት። ከሃሞኬ ተነሳሁና ቦታውን ለቀቅሁለት። «ተቀመጥ፣ ደክሞሃል።»

ተቀመጠ። ሃሞኩ ሲወዛወዝበት በሁለት እጁ ጨርቁን ጨመደደ፤ ስንት የሚነድ ፎቅ በመሰላል የወጣ ሰው! ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ለቀቅ አለና ተንጋሎ ባሕሩን አየው። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ውስጥ ሲከት አየሁት።

ሊነሳ ሲል ግን አነሳሱን አያውቅበትም። እግሩን ሲያወርድ ሃሞኩ ይሸሸዋል፤ ወደፊት ሲል ወደ ኋላ ይወስደዋል። «ኧረ ጎበዝ፣ አለቃ ተያዘ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ጋሼ እየሳቀ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ክንዱን ዘረጋልኝ።

«እጅሽን ስጪኝ» አለኝ።

ወደ ባሕሩ ዞር አልኩ፤ ትንሽ ይጠብቅ ብዬ ነው። ከዚያ ያችን የማትታጠፍ እግሬን እንደ ምሰሶ መሬት ላይ ተከልኳት፣ እጄን ሰጠሁት፣ ወንድሜንም ጎትቼ አነሳሁት።